ወፍራሙን ድምፅ ፍለጋ፦ የባለ ዝርጉ ዜና ሕይወት

በሥራ ቀን ሥራችሁን ዘግታችሁ፣ ሐዘናችንን ሐዘናችሁ አድርጋችሁ ከዚህ የተሰበሰባችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ ጎረቤቶችና የሙያ ባልደረቦች ሆይ፤ ሰፈሩ ሁሉ «ባለ ዝርጉ» እያለ ይጠራቸው የነበሩት ታላቅ ወንድማችን በዚህ ዓለም እንዴት ኖረው እንዴት እንዳለፉ ታናሽ ወንድማቸው እንዲያነብላችሁ ቤተ ሰቡ አዞታል። ከተረሳው የታወሰው ቢያንስ ይቅርታችሁ አይለየን።

ባለ ዝርጉ በርና መስኮት በመሥራት ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸውና በልብስ ንጽሕና ቤት ካውያ ይዘው ቀኑን ሙሉ ይቆሙ ከነበሩት እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። እናታችን ሲያወጉ እንደምንሰማው፣ እንደ ተወለዱ ከማልቀስ ይልቅ ዓይናቸውን ቦግ አድርገው ወደ ላይ ያዩ ነበርና አዋላጇ «ይሄ ልጅ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ እያጠና ነው» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም ከእውነት አልራቀም። ከደጅ ከወጡ በኋላ በሩ መቆለፉን ለማየት ይመለሳሉ፤ አይተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ደግሞ በሚገባ አላየሁት ይሆናል ብለው እንደገና ይመለሳሉ፤ አባታችን ከሥራ ትንሽ የዘገዩ እንደሆነ መንገድ ዳር ቆመው የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በዓይናቸው ይመረምራሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የአፋቸው መክፈቻ ነበር። አባታችንም «አንተ ልጅ፣ ቅጠል ስትለቅም እሳቱን ሳትሞቅ ትቀራለህ» ይሏቸው ነበር።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ፈጽመው ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲገቡ የራዲዮ ጥገና ክፍል ደረሳቸው፤ እዚያም በዕቃ ክፍሉ ጥግ አቧራ ለብሶ የቆመ፣ ቁመቱ የበር ያህል፣ ውፍረቱ ግን ከመጽሐፍ የማይበልጥ ስፒከር አዩ። ሁላችንም የምናውቀው ስፒከር እንደ ፈነል የሾጠጠ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ገብቶ የሚንቀጠቀጥ ነው፤ ይህኛው ግን ሣጥን የሌለው፣ በማግኔቶች ፊት እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረና ቀጭን ሽቦ የተለጠፈበት ስስ ፕላስቲክ ሆኖ፣ በፊቱም በጀርባውም እኩል የሚናገር ነበር። የተበጠሰውን ሽቦ ቀጥለው ከራዲዮ ጋር ቢያገናኙት የዜና አንባቢዋ ድምፅ ከመጋረጃ ኋላ ቆማ እንደምትናገር ሴት ጥርት ብሎ ወጣ፤ እርሳቸውም ደንግጠው ከኋላው ሰው ይኖር እንደሆነ ዞረው አዩ። ያን ቀን ቤት ሲመጡ እህል አልቀመሱም፤ እናታችንም ልጄን ምን ነካብኝ እያሉ ግንባራቸውን ሲዳስሱ አመሹ።

ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በአንድ የራዲዮ ጥገና ቤት ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ፣ በመስታወት ቆራጭና በጫማ ሠሪ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። የሰውን ራዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገኑ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ዝርግ ስፒከር በእጃቸው እየወጠሩ፣ ስፒከሩን የሚነዳውንም አምፕሊፋየር ሲሞቁ እንደ ፍም በሚቀሉ የመስታወት ቫልቮች ይሠሩ ጀመር፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣው ያኔ ነው። የቫልቭ አምፕሊፋየር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው የሚገድል ኃይል በሆዱ ይዞ ይቆያል። ኤሌክትሪክ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲሻገር ልብን አቋርጦ ነው የሚያልፈው ይሉ ስለ ነበር፣ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው በቀኛቸው ብቻ ይሠሩ ነበር፤ ወደ ጠረጴዛቸው የተጠጋ ደንበኛ ሳይቀር «አንድ እጅ ወደ ኪስ!» ተብሎ ይጮኽበታል። ጫማ ሠሪው «ጋሼ ሱቅ የገባ ሰው ሲወጣ አንድ እጁን የማረኩበት ይመስላል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የወለደው ድምፅ ግሩም ነበር፤ ዘፋኝ ትንፋሽ ሲስብ፣ ጣት ከጊታር ክር ላይ ሲንሸራተት እንኳ ይሰማል። ነገር ግን ባስ አልነበረውም። ወፍራሙ ድምፅ፣ ያ ደረት የሚነካው፣ የዜማው ወለል የሆነው ድምፅ ከዝርጉ አይወጣም። ደንበኞችም «ጋሼ፣ ዘፋኙ መጥቷል፤ ከበሮ መቺው ግን መንገድ ላይ ቀርቷል» ሲሏቸው፣ እርሳቸው «ሣጥን ውስጥ የሚያጓራ ሁሉ ከበሮ መሰለህ?» ብለው ይመልሳሉ። ባለ ሣጥን ስፒከር የቤቴን ደጃፍ አያልፍም ብለው በሰው ፊት የተናገሩትም በዚሁ ዘመን ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ይህ ቃላቸው በኋላ ብዙ አንገበገባቸው።

ትዳራቸውን ከመሰላል ላይ አገኙት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የማስታወቂያ ድምፅ ማጉያ ተበላሽቶ ለጥገና ተጠርተው፣ መሰላሉ ይንሸራተት ይሆን እያሉ አንድ ጊዜ ወደ ታች አንድ ጊዜ ወደ ሽቦው ሲያዩ፣ ከሽመና መኪናዎቹ መካከል የነበሩ አንዲት ወጣት ሠራተኛ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አንተ ላይ ያለኸው! ይሄ ነገር የሚያወራው ከማን ጋር ነው? አንድ ቃል እንኳ ሰምተን አናውቅም እኮ!» አሏቸው። ባለ ዝርጉም መልስ በመስጠት ፋንታ መሰላሉን እንዲይዙላቸው ለመኗቸው። «እኔ የያዝሁት መሰላል መስሎኝ፤ ለካ ሰውዬውን ኖሯል» እያሉ ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ያወሩታል። ብዙም ሳይቆዩ ተጋብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ፤ ሴቷ የሒሳብ አስተማሪ፣ ወንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ሆኑ፤ አባት ልጃቸው የሚነዳውን አውቶቡስ ሰዓት ቆጥረው ሲያልፍ ሳያዩ አይቀመጡም ነበር። ከሥራ መልስ ባልና ሚስት በሁለት ወንበር ጎን ለጎን ሆነው በዝርጉ ፊት ሙዚቃ ማዳመጥ ልማዳቸው ነበር፤ ባለቤታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ወዲህና ወዲያ ያወዛውዛሉ፤ እርሳቸውም ከሙዚቃው ይልቅ የባለቤታቸውን ፊት ያያሉ።

የሽመና መኪና ጩኸት ግን ለዓመታት ጆሮ ላይ ወርዶ እንዲሁ አይቀርም። ባለቤታቸው በመጀመሪያ የማንቆርቆሪያውን ፉጨት፣ ቀጥሎ የበሩን ደወል፣ ቀጥሎ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ መስማት ተዉ። ሲጠየቁ «ሰምቻለሁ፣ ምን ያስጮኻችኋል» ይላሉ፤ ሰው ሲስቅ አብረው ይስቃሉ፤ ሰው ሲያዝን ፊታቸውን አብረው ያጠቁራሉ፤ እኛም እውነት እየመሰለን ኖርን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ሳለ የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ተቃጥሎ ሙዚቃው ድርግም አለ። ባለ ዝርጉ ሊነሡ ሲሉ ወደ ጎን ዞር ቢሉ፣ ባለቤታቸው ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ራሳቸውን ያወዛውዙ ነበር። ክፍሉ ጭር ብሏል፤ ባለቤታቸው ግን ያዳምጣሉ። ባለ ዝርጉ ተመልሰው ተቀመጡ። ባለቤታቸው ዓይናቸውን ገልጠው ፈገግ ብለው «ዛሬስ እንዴት ደስ ይላል!» እስኪሏቸው ድረስ ፊታቸውን እያዩ ጠበቁ። ይህን ያወቅነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ራሳቸው እያለቀሱ ነግረውን ነው።

ወደ ጆሮ ሐኪም ይዘዋቸው በሄዱ ጊዜ ሐኪሙ መርምረው፣ ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ፈጽሞ መሄዱን፣ ጆሮ ላይ የሚደረገውም መሣሪያ ጩኸት እንጂ ቃል እንደማይጨምር፣ የቀረው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ እንደሆነ፣ እርሱም እየሳሳ መሆኑን፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ግን ሊናገሩ እንደማይችሉ ገለጡላቸው። ባለ ዝርጉ ከዚያ ሲወጡ የመንገዱን ግንብ ተደግፈው ቆሙ። ዕድሜ ልካቸውን ደክመው የሠሩት ስፒከር የሚናገረው ሚስታቸው በማይሰሙት ድምፅ ነው፤ ሚስታቸው የሚሰሙት አንድ ድምፅ ደግሞ እርሳቸው ሠርተው የማያውቁት ነው። «ጆሮዋ ሳይዘጋ ልድረስባት» አሉ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በደህና አልወሰዳቸውም።

በመጀመሪያ ኃይሉ ቢያንሰው ነው ብለው በአምፕሊፋየሩ ላይ ታላላቅ ቫልቮች ተከሉ፤ ስሱ ፕላስቲክ ኃይሉን መሸከም አቅቶት ከማግኔቱ ጋር እየተላተመ ተቀደደ። ሌላ ወጠሩ፤ እርሱም ተቀደደ። በየጊዜው ባለቤታቸውን አስቀምጠው «መጣልሽ?» ይሏቸዋል፤ ባለቤታቸውም ባላቸው እንዳያዝኑ «ትንሽ… የመጣ ይመስለኛል» ይላሉ። ባለ ዝርጉ ግን ፊውዙ ከተቃጠለበት ቀን ወዲህ ይህን ቃል ማመን ትተዋልና መፈተኛ አበጁ፤ ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መልሰው ይቀመጣሉ፣ እርሳቸው ሳይናገሩ አንድ ወፍራም ድምፅ ይለቃሉ፣ የሰሙ እንደሆነ እጃቸውን ያነሣሉ። ድምፁን ለቀው የባለቤታቸውን እጅ ከኋላ ሲጠብቁ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ይል እንደነበር ያየ ያውቃል። እጁ ከጉልበታቸው አልተነሣም።

ሴት ልጃቸው ይህን ማየት ሰልችቷት «አባዬ፣ በፈጠረህ! ገበያው ሙሉ ባለ ሣጥን ነው፤ አንዱን አምጣላትና ይብቃ። የእማዬ ጆሮ እያለቀ ያንተ ኩራት አያልቅም?» ብላ ተቆጣቻቸው። እርሳቸውም «ሣጥን ያጓራል እንጂ አይዘፍንም፤ ለእናትሽ ጉርምርምታ አልሰጣትም» አሉ። ኩራት አልነበረባቸውም አንልም፤ ነበረባቸው። ከኩራቱ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ሣጥኑ መጥቶ እርሱንም ያልሰሙ እንደሆነ ከዚያ ወዲያ የሚሞከር ነገር የለም፤ ሣጥኑ እስካልመጣ ድረስ ግን ገና ያልተሞከረ ነገር አለ። የፈሩት ይህን ነበር። በዚሁ መካከል የራሳቸውም ልብ ይደክም ጀምሮ ሐኪም ከከፍተኛ ኤሌክትሪክ እንዲርቁ ቢያዝዟቸው፣ ቤተ ሰቡም እግራቸው ላይ ወድቆ ቢለምናቸው፣ «እጄን ኪሴ ከትቼ ነው የምሠራው» እያሉ ቀጠሉ።

አሁን የምናወራው ስሕተት ከእርሳቸው በቀር ማንም ሊሠራው የማይችለው ነው። ዝርግ ስፒከር በጀርባውም ስለሚናገር ከግድግዳ ርቆ መቆም አለበት፤ የጀርባው ድምፅ ግድግዳ ነክቶ ቶሎ ከተመለሰ ከፊተኛው ጋር ተጣልቶ ባሱን ያጠፋዋል። ይህን ለደንበኛ ሁሉ ሲናገሩ የኖሩ ሰው፣ የልጅ ልጃቸው ድክ ድክ ማለት በጀመረች ጊዜ ያ ረጅም ነገር ሕፃኗ ላይ ይወድቅ ይሆናል ብለው ከመስጋታቸው የተነሣ፣ የገዛ ቤታቸውን ዝርግ ከግድግዳው ጋር አጣብቀው በብሎን አሥረውት ነበር። ሕፃኗ አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ ብሎኑ እዚያው ቀረ፤ እርሳቸውም ለምን እንዳሠሩት ረሱ። አንድ ቀን ፈትተው የተቀደደውን ቀይረው፣ እንደ ወትሮው ግድግዳው ላይ ሳይመልሱት ከክፍሉ መካከል ወንበር አስደግፈው ቢሞክሩት፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። ባለ ዝርጉ ብርጭቆውን አዩ፣ ብሎኑ የወጣበትን ቀዳዳ አዩ፣ «ወይኔ! ወይኔ ሰውዬው!» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው የሞተ ሰው ተረድተው መስሏቸው አብረው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ እንደ ወጣት ሮጡ። ዝርጉን ከግድግዳ አርቀው፣ እንዳይወድቅ ከእግሩ ሥር አሸዋ የሞላ ከረጢት ጭነው፣ የኋላው ድምፅ ቶሎ ዞሮ ፊተኛውን እንዳያጠፋው ግራና ቀኙን የኮምፖንሳቶ ክንፍ አበጁለት፤ ወፍራም ድምፅ ብዙ ብረት ይፈልጋል ብለው በአምፕሊፋየሩ ላይ የነበረውን ትንሽ ትራንስፎርመር አውልቀው ሁለት ሰው የሚያነሣው ሌላ አስጠመጠሙ። ባለቤታቸውን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አስመልሰው ድምፁን ሲለቁ፣ እጃቸው ከጉልበታቸው ተነሣ። ባለ ዝርጉ ማመን አቅቷቸው ደጋግመው ለቀቁት፤ ደጋግሞ ተነሣ። ቤቱ ዕልል አለ። ነገር ግን ወራት ሲያልፉ፣ ያው ድምፅ፣ ያው ወንበር፣ ያው ክፍል ሆኖ ሳለ፣ እጁ መነሣቱን ተወ። የሚሰሙት ድምፅ ዝርጉ ሊያወጣ ከሚችለው በታች ወርዶ ነበር።

ይህን ባወቁ ማግሥት ባለ ዝርጉ ለማንም ሳይነግሩ ገበያ ወጥተው፣ ያን ደጃፌን አያልፍም ያሉትን ባለ ሣጥን ስፒከር ከነ ትራንዚስተር አምፕሊፋየሩ ይዘው በአንሶላ ጠቅልለው በጓሮ መንገድ ሲያስገቡ፣ ጫማ ሠሪው አይተዋቸው «ጋሼ፣ ምነው ተደበቁ? ፍየል ሰርቀው ነው እንዴ?» አሏቸው። «ከዚያ የባሰ ነው» አሉ። ላይ ላዩን ዘፈን ለዝርጉና ለቫልቮቹ ትተው፣ ከሁሉም የታችኛውን ብቻ ለሣጥኑ ሰጥተው፣ ሣጥኑን ከባለቤታቸው ወንበር አጠገብ አስቀመጡት። ሽቦውን ያሰረችላቸው ሴት ልጃቸው ናት። የተከፈተ ጊዜ ወለሉ ራሱ አጉረመረመ። ባለቤታቸው ጫማቸውን አውልቀው ባዶ እግራቸውን መሬት ላይ አደረጉ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው እጃቸውን አነሡ፤ አላወረዱትምም። «መጣ» አሉ፤ «መጣ፣ መጣ።» ቀጥለውም እያለቀሱና እየሳቁ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብለው ጠየቋቸው። ይህ ጥያቄ የባለ ዝርጉን ልብ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲበላው ኖረ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ወራት በደስታ አሳለፉ ማለት እንወድ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ ወንበሮች ቢሞሉም ባለ ዝርጉ በየሳምንቱ ሲፈትኑ፣ ያም እየሳሳ መሄዱን ያዩ ነበር። ልባቸው ደክሞ አልጋ በያዙ ጊዜ ስለ ራሳቸው አንድ ቀን አልጠየቁም፤ የሚጠይቁት «እኔ ስሄድ ማን ያወራታል?» የሚለውን ብቻ ነበር። ያስጨነቃቸው ነገር ትክክል ነበር። ዘመድ ሁሉ እኚህን እመቤት ሊያነጋግር ሲሻ ጆሯቸው ላይ ይጮኻል፤ የሰው ድምፅ ደግሞ ሲጮኽ ይቀጥናል፤ ቀጭኑን ድምፅ እርሳቸው አይሰሙም። ስለዚህ ባለ ዝርጉ ከአልጋቸው ሆነው ወንድም፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ሳይሉ አንድ በአንድ እያስጠሩ «አትጩኽ፤ ውረድ፤ ገና ነህ፣ ውረድ፤ ከደረትህ አውጣው» እያሉ እስኪደክማቸው ያለማምዱን ነበር። የልጅ ልጃቸው እንደ ሽማግሌ አጎርንና «አያቴ፣ እንደምን ዋሉ» ስትል እርሳቸውም በሥቃያቸው መካከል ሳቁ። በመጨረሻዋ ቀን ባለቤታቸውን ወደ ራስጌ አስጠግተው በዝግታ አንድ ነገር ነገሯቸው። ምን እንዳሉ ባለቤታቸው አልነገሩንም፤ እኛ ያየነው ግን የተነሣውን እጃቸውን ነው። ባለ ዝርጉ ያን እጅ እያዩ ዐረፉ።

ታላቅ ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ወንድ ልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውንና ይህን የሚያነብላችሁን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለ እኛ ሲሰጉ የኖሩትን ነፍስ ፈጣሪ ስጋት ከሌለበት ስፍራ ያኑራት፤ በሩ መቆለፉን ለማየት የማይመለሱበትን ዕረፍት ይስጥልን። ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ያድልልን።

እናንተም አሁን ባለቤታቸውን ልታጽናኑ ስትቀርቡ፣ ባለ ዝርጉ አደራ ብለውናልና አደራቸውን ተቀበሉን። «እግዜር ያጽናሽ» ከማለታችሁ በፊት አጠገባቸው ተቀመጡ። አትጩሁባቸው። ድምፃችሁን ዝቅ፣ ከዚያም ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከደረታችሁ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ። ቶሎም ቶሎም ኑልን፤ ዛሬ ገና ይሰማሉ።